ከሁለቱ አሮጌ ግራፊክስ ካርዶች ለሶዶ ገበያ የሚስማማው የትኛው ነው?

በወላይታ ሶዶ የኮምፒዩተር ዕቃ የሚነግድ ባለሱቅ ከሚያስተናግዳቸው ደንበኞች መካከል አዲስ ኮምፒዩተር የሚገዛው ብቻ አይደለም፤ ያለውን አሮጌ ኮምፒዩተር ለጨዋታ እንዲበቃለት የሚፈልግም አለ። ይህ ደንበኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም የጌም ቤት ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠይቀው ነገር ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ዋጋው የማይከብድ፣ የእግር ኳሱን ጨዋታ ሳይቆራርጥ የሚያሳይ ግራፊክስ ካርድ እንዲገኝለት ነው። አዲስ የወጡት ካርዶች ከአቅሙ በላይ ስለ ሆኑ፣ ምርጫው ብዙውን ጊዜ በሁለት አሮጌ ካርዶች መካከል ይወድቃል። አንደኛው ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው፤ ሁለተኛው የኤንቪዲያ ተወዳዳሪ የሆነው ኤኤምዲ ያወጣው ራዲዮን አርኤክስ 570 ነው።

የእነዚህ የሁለቱ ስም አብሮ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. ፊፋ 23 የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ለገበያ ሲቀርብ፣ አሳታሚው ኩባንያ ጨዋታውን በኮምፒዩተር ለመጫወት የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ካርድ ባለ 4 ጊጋባይት 1050 ቲአይ ወይም ባለ 4 ጊጋባይት አርኤክስ 570 መሆኑን አስታውቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ስሙን ለውጦ ኤፍሲ ቢባልም፣ የደንበኛው ጥያቄ አልተለወጠም። ይህን ዝርዝር ብቻ የተመለከተ ሰው ሁለቱ ካርዶች እኩያ ናቸው ብሎ ሊያስብ ይችላል። እኩያ ግን አይደሉም፤ በጉልበትም በጠባይም ይለያያሉ። ልዩነታቸውን ሳያውቅ ያዘዘ ነጋዴ ገንዘቡን በመደርደሪያ ላይ አስሮ ይቀመጣል።

በመጀመሪያ ስለ ጉልበታቸው እንመልከት። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ጥቅምት 15 ቀን 2009 ዓ.ም. በ139 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ ቀረበ። አርኤክስ 570 ስድስት ወር ያህል ዘግይቶ ሚያዝያ 10 ቀን 2009 ዓ.ም. በ169 ዶላር ወጣ። የ30 ዶላሩ ልዩነት ከንቱ አልነበረም። የመጀመሪያው ካርድ ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 112 ጊጋባይት መረጃ ሲያመላልስ፣ ሁለተኛው የዚህን እጥፍ 224 ጊጋባይት ያመላልሳል። በአብዛኞቹ ጨዋታዎችም አርኤክስ 570 ከተፎካካሪው በሢሶ፣ አንዳንድ ጊዜም በግማሽ ያህል የበለጠ ሥዕል በሰከንድ ያወጣል። አንዳንድ ሻጮች በሁለቱ ካርዶች ውስጥ ያሉትን የማስሊያ ክፍሎች ቁጥር፣ ማለትም 768ንና 2,048ን እያነጻጸሩ፣ ብልጫው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ አስመስለው ያወራሉ። ሁለቱ ኩባንያዎች ክፍሎቹን የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ ስለ ሆነ፣ ይህ አንድ ጆንያ ጤፍና አንድ ጆንያ ጥጥ በጆንያ ቁጥር እንደ ማወዳደር ያለ ነው።

ጉዳዩ የጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ካርድ ብቻውን አይሠራም፤ የሚገባበት ኮምፒዩተር አለ፤ የሶዶ ባለሱቅ ሒሳቡን መጀመር ያለበትም ከዚያ ነው።

በሶዶም ሆነ በአረካና በቦዲቲ ተማሪው በቀላሉ ሊገዛው የሚችለው ኮምፒዩተር፣ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ሲያገለግል ቆይቶ የመጣ የዴል ወይም የኤችፒ የቢሮ ኮምፒዩተር ነው። ይህ ዕቃ ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ቢሆንም የተሠራው ለጽሕፈትና ለሒሳብ ነው። የኃይል መጋቢው፣ ፓወር ሰፕላይ የሚባለው፣ ለዚያ ሥራ በሚበቃ መጠን የተወሰነ ነው። ለምሳሌ ያህል ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 በትልቁ ኬዝ 275 ዋት፣ በጠባቡ ኬዝ 240 ዋት ብቻ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ አለው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም አልተሠራለትም።

እንግዲህ 1050 ቲአይ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ የሚወስደው 75 ዋት ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ቀዳዳ በራሱ ሊሰጥ የሚችለው መጠንም ይኸው 75 ዋት ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ 1050 ቲአይ ካርዶች ምንም ሌላ ገመድ ሳያሻቸው ተሰክተው ይሠራሉ። አርኤክስ 570 ግን እስከ 150 ዋት ስለሚፈልግ፣ ቀሪውን ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ በሚመጣ ባለ ስምንት ወይም ባለ ስድስት መርፌ ገመድ መውሰድ አለበት። ኤንቪዲያ ለካርዱ 300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ሲመክር፣ ኤኤምዲ ለራሱ 450 ዋት ይመክራል። ዴሉ ለሁለቱም ምክር አይደርስም። ሆኖም 77 ዋት የሚወስድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር፣ 75 ዋት የሚወስደው ካርድና ለዲስኩና ለቀረው ዕቃ 40 ዋት ያህል ቢደመር ከ200 ዋት በታች ስለሚሆን፣ 1050 ቲአይ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ሊኖር ይችላል። በእርሱ ፋንታ አርኤክስ 570 ቢደመር ግን ድምሩ 267 ዋት ይደርሳል፤ ይህም የመጋቢው የመጨረሻ ጠርዝ ነው።

አንዳንድ ቴክኒሻኖች ገመዱ የለም ለማለት አይወዱም። ለሐርድ ዲስክ የተሠራውን የሳታ ገመድ ወደ ካርድ ገመድ በሚለውጥ ርካሽ መቀየሪያ ያገናኙታል። የሳታ መሰኪያ በባለ 12 ቮልት መስመሩ እንዲያሳልፍ የተሠራው 54 ዋት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲጫንበት ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ከቀለጠም በኋላ የሚጠፋው ገመዱ ብቻ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን መቀየሪያ ከካርዱ ጋር አብሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ያተረፈ ቢመስለውም፣ የተቃጠለው ኮምፒዩተር ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው።

የሚሻለው መንገድ ፓወር ሰፕላዩን መለወጥ ነው። በ7010 ትልቁ ኬዝ ላይ ይህ ይቻላል። ከእርሱ በኋላ በወጡት በ7020ና በ9020 ግን ዴል የራሱን መሰኪያ ስላበጀ፣ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ያለ መቀየሪያ ገመድ አይገጥምም። በዚህ ላይ ጠባብ ኬዝ ያለው ኮምፒዩተር ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይቀበልም። 1050 ቲአይን አንዳንድ አምራቾች በአጭር ቁመት ስለ ሠሩት ለጠባቡ ኬዝ የሚሆነውን ለይቶ ማዘዝ ይቻላል፤ አርኤክስ 570 ግን በቁመቱም በሙቀቱም ለዚያ አይሆንም። ስለዚህ ደንበኛው የሚከፍለው የአርኤክስ 570 ዋጋ የካርዱ ብቻ ሳይሆን የፓወር ሰፕላዩም፣ አንዳንድ ጊዜም የኬዙ ጭምር ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ በካርዱ ላይ የተገኘው ቅናሽ ሶዶ ሲደርስ በዚህ ሁሉ ይበላል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ እርሱም ስክሪኑ ነው። ከአሮጌው ኮምፒዩተር ጋር የሚመጣው ስክሪን ብዙ ጊዜ ሰማያዊ መሰኪያ ያለው፣ ቪጂኤ የሚባለው ብቻ ነው። ሁለቱም ካርዶች የቪጂኤ መሰኪያ የላቸውም። ዲቪአይ የሚባለው ነጭ መሰኪያቸውም ዲጂታል ብቻ ስለ ሆነ፣ በትንሿ የፕላስቲክ አስማሚ ወደ ቪጂኤ አይለወጥም፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለበት መቀየሪያ ያስፈልጋል። ካርዱን ገዝቶ ወደ በሌ ወይም ወደ ገሱባ የሄደ ደንበኛ ማታ ሰክቶት ስክሪኑ ጨለማ ቢሆንበት፣ ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ በማግስቱ ተሳፍሮ ይመለሳል። ባለሱቁም መቀየሪያውን አብሮ ባለመሸጡ የአንድ ቀን ሥራና የደንበኛውን እምነት ያጣል።

ፕሮሰሰሩም መጠየቅ አለበት። ፊፋ 23 ከካርዱ ሌላ ቢያንስ ስድስተኛው ትውልድ ኮር አይ 5 6600ኬን ይጠይቅ ነበር፤ በኦፕቲፕሌክስ 7010 ውስጥ የሚገኘው ግን ሦስተኛው ትውልድ ነው። እንዲህ ባለ ደካማ ፕሮሰሰር ላይ አርኤክስ 570 ያለው ብልጫ ይሟሟል፤ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን ይጠብቃልና። ስክሪኑም በሰከንድ 60 ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣው ሥዕል ለዓይን አይታይም።

ከዚህ የተነሣ ለአንድ ለአንድ ደንበኛ በችርቻሮ ለሚሸጥ የሶዶ ባለሱቅ የሚሻለው ደካማው ካርድ፣ 1050 ቲአይ ነው። በወረቀት ላይ የተሸነፈው ካርድ በመደርደሪያ ላይ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ከሚገባባቸው ኮምፒዩተሮች ከብዙዎቹ ጋር ያለ ጣጣ ይስማማል፤ የመመለሱም ነገር አነስተኛ ነው።

አርኤክስ 570 ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። ቦታው ኮምፒዩተሮቹን ራሱ የሚያስገጣጥም የጌም ቤት ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ስምንት ወይም አሥር ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ስለሚያሠራ፣ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይና ሰፊ ኬዝ አብሮ ይገዛል፤ የተሻለው ሥዕልም ተጫዋቾችን ይስብለታል። ሆኖም የመብራቱን ሒሳብ አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል። በሁለቱ ካርዶች መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ሥራ ላይ 75 ዋት ነው። ቤቱ በቀን 10 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ይህ ለአንድ ኮምፒዩተር 225 ኪሎዋት ሰዓት፣ ለስምንቱ 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ባለቤቱ ይህን በራሱ ቢል ላይ ባለው ታሪፍ ቢያባዛው ትርፉን ከምን ላይ እንደሚያወጣ ያያል። በጠባብ ክፍል ውስጥ 600 ዋት የሚያሞቅ ምድጃ ቀኑን ሙሉ እንደ ማብራትም ነው።

ስለ መብራት ሲነሣ የሶዶ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ከዚሁ ከወላይታና ከዳውሮ ወሰን በኦሞ ወንዝ ላይ ይገኛል። ወደ ኬንያ ኃይል የሚያሻግረው፣ 2,000 ሜጋዋት የመሸከም አቅም ያለው ባለ 500 ኪሎቮልት መስመርም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሱስዋ የሚደርሰው ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ነው። ይህ ሁሉ እያለ በየመንደሩ መብራት ሲቆራረጥ የጌም ቤቱ ባለቤት ጄኔሬተር ያስነሣል። በጄኔሬተር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ 75 ዋት በነዳጅ ይከፈላል። ባለ 2 ኪሎዋት ጄኔሬተር ስምንት ባለ 1050 ቲአይ ኮምፒዩተሮችን ከነስክሪናቸው ሊያንቀሳቅስ የሚችል ሲሆን፣ ስምንቱንም አርኤክስ 570 አድርጎ ያን ያህል ማሠራት ግን አስጊ ነው።

አሁን ወደ አስመጪዎቹ እንመለስ። ሁለቱም ካርዶች በገበያ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ያገለገሉ ሆነው ነው። ስለዚህ የካርዱን ስም ከማወቅ ይልቅ ያለፈ ታሪኩን ማወቅ ይበልጣል፤ በተለይም የአርኤክስ 570 ታሪክ ከባድ ነው። ኢተሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ይመረት በነበረበት ዘመን፣ አርኤክስ 570 የአምራቾቹ ተወዳጅ ካርድ ነበር። ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ሠርቷል። ባለ 4 ጊጋባይቱ የኢተሪየም የሥራ ፋይል ከሜሞሪው በላይ በማደጉ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ገደማ ከዚህ ሥራ ወጣ። ባለ 8 ጊጋባይቱ እስከ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ቆየ፤ በዚያ ቀን ኢተሪየም የአሠራር ዘዴውን ስለ ለወጠ በካርድ ማምረት ቀረ። ካርዶቹም በብዛት ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ፈሰሱ። ርካሽነታቸው ከዚህ የመጣ ነው። (በአገራችን ቢትኮይን የሚያመርቱት ድርጅቶች ለዚያ ብቻ የተሠሩ ልዩ መሣሪያዎችን ስለሚጠቀሙ፣ እነዚህ ካርዶች ከእነርሱ የወጡ ናቸው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።)

ለምርት ያገለገለ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሳይመረመር መገዛት የለበትም። በመጀመሪያ ማራገቢያዎቹን በጣት አዙሮ የሚወላገድ ወይም የሚጮህ መኖሩን ማየት ነው። ቀጥሎም በካርዱ ጀርባ ላይ ከሙቀት የተነሣ የወዛ ዘይት ወይም የጠቆረ ቦታ አለመኖሩን መመርመር ይገባል። ከዚያ በኋላ ካርዱን ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ከባድ ጨዋታ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ማሠራት ያስፈልጋል፤ የደከመ ሜሞሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ራሱን ላያጋልጥ ይችላል። ሌላው ምልክት አምራቾቹ ትርፍ ለማብዛት የካርዱን ባዮስ መለወጣቸው ነው። ባዮሱ የተለወጠበት ካርድ የኤኤምዲን ድራይቨር ሲጭኑበት አልቀበልም ይላል፤ ካርዱ ሞቷል ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የፋብሪካውን ባዮስ የሚመልስ ቴክኒሻን ካለ እንዲህ ያለው ካርድ ይድናል፤ በርካሽ ገዝቶ ለሚያድነውም ጥሩ ትርፍ ነው።

ከቻይና የሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ ስለ አንድ ስም ይጠንቀቅ። አርኤክስ 580 2048 ኤስፒ የሚባል ካርድ አለ። በ2011 ዓ.ም. ለቻይና ገበያ የወጣ ሲሆን፣ ስሙ 580 ይሁን እንጂ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ቁጥር 2,048 ስለ ሆነ በሥራው ከአርኤክስ 570 የሚለየው እምብዛም ነው። እውነተኛው አርኤክስ 580 ባለ 2,304 ነው። በ580 ዋጋ የገዛው አስመጪ 570 ገዝቷል ማለት ነው፤ ከእርሱ የተረከበው የሶዶ ባለሱቅም ስሙን ብቻ አይቶ ለደንበኛው ሲሸጥ ሳያውቅ አታላይ ይባላል።

1050 ቲአይም ከማጭበርበር አልዳነም። አሮጌ የኤንቪዲያ ካርዶች፣ ለምሳሌ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ፣ ባዮሳቸው ተለውጦ ስማቸው 1050 ቲአይ እንዲነበብ ተደርጎ ይሸጣሉ። ይህን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ከላይ የተነገረውን ማስታወስ ነው፤ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ያለው ካርድ 1050 ቲአይ ሊሆን አይችልም። ጂፒዩ ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ብዙዎቹን የሐሰት ካርዶች ለይቶ በግልጽ ይጽፋል። አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ ይህን ፕሮግራም አሠርቶ የስክሪኑን ፎቶግራፍ ከደረሰኙ ጋር ቢያያይዝ፣ ዕቃው ሲመለስ ክርክሩ በምስክር ይሆናል።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከቀድሞው ይልቅ አሁን የሚያሻው ካፒታሉ ስለ ከበደ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፣ የ100 ዶላር ዕቃ ለማስመጣት 5,700 ብር ገደማ ይበቃ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ10,000 ብር በላይ አስፈለገ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ቀድሞ ከአሥር ካርዶች ሁለቱ ቢበላሹ የስምንቱ ትርፍ ይሸፍን ነበር። አሁን ሁለት የሞቱ ካርዶች በአነስተኛ ሱቅ ውስጥ የወር ኪራይ ያህል ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በጅምላ ገዝቶ ከማምጣት በፊት ከአቅራቢው ጋር ያልሠራውን ለመመለስ በጽሑፍ መዋዋል፣ የማይዋዋል ከሆነም ካርዶቹን እዚያው ሱቁ ውስጥ እየሰኩ መቀበል ይሻላል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሶዶ የደረሰን ካርድ መልሶ መላክ ከካርዱ ትርፍ በላይ ያስወጣል።

የሚቀረው የድራይቨሩ ነገር ነው። ኤንቪዲያ የ1050 ቲአይ ትውልድ ለሆኑት ካርዶች ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚያወጣውን ማሻሻያ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ የደኅንነት ማረሚያዎችን ግን እስከ ጥቅምት 2021 ዓ.ም. እንደሚሰጥ አስታውቋል። ኤኤምዲም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአርኤክስ 570ን ድራይቨር ከአዲሶቹ ለይቶ አስፈላጊውን ጥገና ብቻ የሚደረግለት አድርጎታል። በዚህ በኩል አንዱ ከሌላው የሚሻልበት የለም። ባለሱቁ ወደፊት የሚወጡትን ጨዋታዎች ሁሉ ያጫውታል ብሎ ለደንበኛው ቃል መግባት የለበትም። ድራይቨሩ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለ ሆነ፣ በየቀበሌው በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ተማሪ ወጪ ነው። ለእያንዳንዱ ካርድ የሚስማማውን የመጨረሻ ድራይቨር በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ፣ ካርዱን ሲሸጥ በደንበኛው ፍላሽ ላይ መገልበጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።